የተወለድሁበት ዓመት ከዝርዝሩ ጠፋ

የበቆሎ መዝሪያው ደርሶ ሳለ ያልተመዘገበ ገበሬ ማዳበሪያ አያገኝም ተባለ። ምዝገባው ደግሞ በኢንተርኔት ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ፍኖተ ሰላም ሄጄ ኮምፒውተር ቤት ከምትሠራ ልጅ ፊት ተቀመጥሁ።

ስሜን ጻፈች፣ ቀበሌዬን ጻፈች። የተወለድሁበትን ዓመት ስነግራት ግን፣ እሱ አይጻፍም፣ ከዝርዝር ይመረጣል አለችኝ። ስትነካው ዝርዝሩ ወደ ታች ተዘረጋ። የሚጀምረው ከዘንድሮ ነው። ዘንድሮ የተወለደ ማዳበሪያ ምን ያደርግለታል? ወደ ታች ትጎትታለች፣ ትጎትታለች፣ እጇ ትንሽ ሲያመልጣት ተጠቅልሎ ይዘጋል። እንደገና ከዘንድሮ።

«ልጄ፣ ዝም ብለሽ ቁጥሩን ብትጽፊውስ?»

«አይቀበልም አባባ።»

«እንግዲያ ከሽማግሌዎቹ ቢጀምርልንስ?»

«እኔ አልሠራሁትም አባባ!»

ከኋላዬ የተሰለፉት ማጉረምረም ጀመሩ። በአራተኛው ሙከራ ትንፋሿን ውጣ ጎተተች፤ መጨረሻው ላይ ደረሰችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ምነው?»

«አባባ፣ ዝርዝሩ እርስዎ ጋ ሳይደርስ አለቀ።»

«ታዲያ ያለ ማዳበሪያ ልቅር?»

«የመጨረሻውን ዓመት ልምረጥልዎት?»

ስንት እንደሆነ ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ። የበኩር ልጄ የተወለደበት ዓመት ነው። ዝናቡ አይጠብቀኝም፤ ምረጪው አልኋት።

የምዝገባውን ወረቀት ይዤ ስወጣ ያው የበኩር ልጄ በር ላይ ጋሪ ይዞ ቆሟል።

«ተሳካ፣ አባዬ?»

«ተሳካ» አልሁት። «ከዛሬ ጀምሮ ግን መንታ ነን።»