ድፎ ዳቦ በኦርላንዶ

ባለፈው ሳምንት በምሠራበት ሆስፒታል አንድ የመድኃኒት ሻጭ ለእኛ ለነርሶቹ ቁርስ ይዞ መጣ። ፓንኬኩ ገና ትኩስ ነው፣ ቅቤው ላዩ ላይ ይቀልጣል፣ ፓንኬኩ ላይ የሚፈሰው የሞቀ ጣፋጭ ሲረፕ ሽታ ኮሪደሩን ሞልቶት በሽተኞቹ ሳይቀሩ አንገታቸውን ያሰግጋሉ፤ ጓደኞቼ ሰሃን ሰሃናቸውን ይዘው ሲሰለፉ እኔ ግን ሁለት እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ዳይት ላይ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ ዳይት እንደማይሆንልኝ ወገቤን ያየ ሁሉ ያውቃል። የሞቀ ሲረፕ በሸተተኝ ቁጥር እናቴ ከጠረጴዛው ማዶ ዓይኗን አፍጥጣ የምታየኝ ስለሚመስለኝ ነው። እዚያው እንደቆምኩ ሐሳቤ አትላንታ አጠገብ ወደነበረው የክላርክስተን አፓርታማችን፣ ዘጠኝ ሆነን በሦስት ክፍል ወደኖርንበት ዘመን ይዞኝ ነጎደ።

ዘጠኝ ስል አባዬ፣ እማዬ፣ ስድስት ልጆች፣ እንዲሁም ከደብረ ብርሃን ሊጠይቁን መጥተው እኛው ጋ የከረሙት የአባዬ አክስት እትዬ አስካለ ማለቴ ነው። እኔ ሦስተኛዋ ልጅ ነኝ፤ ያኔ ገና አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዘጠኝ ሰው በአንድ ቤት ይኑር እንጂ ዘጠኙም አንድ ላይ የተቀመጠበትን ቀን አላስታውስም። እማዬ ቀን ቀን ነርሲንግ ሆም አዛውንቶችን ታጥባለች፣ ታበላለች፤ አባዬ ማታ ማታ ታክሲ ይነዳል። እሷ ስትገባ እሱ ይወጣል፤ በር ላይ ቆመው "ትንሿ ያስላታል፣ ምስሩ ፍሪጅ ውስጥ ነው" ተባብለው ይለያያሉ። እኛ ከትምህርት ቤት ስንመለስ እሱ በሩን ዘግቶ ተኝቷል፤ እሱ ሲነሳ እኛ የቤት ሥራችን ላይ ተደፍተናል። ኦፋቸው፣ የዕረፍት ቀናቸው እንኳ የሚገጥመው በስንት አንዴ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ወይ ለቅሶ አለ፣ ወይ ክርስትና አለ።

ያን ዓመት ታላቃችን ዳዊት ሃይስኩል ጨርሶ ወታደር ቤት ለመግባት ፈረመ። እማዬ ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችምም፤ አንድ እሁድ ግን ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ ልጁ ከመሄዱ በፊት ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ያለው ትልቁ የመዝናኛ ፓርክ እንሄዳለን አለች። አባዬ የሰማው እውነት አልመስለው ብሎ ሬዲዮኑን ዘጋ። እሷ ግን ስታስብበት ነው የከረመችው። የምታጥባቸው አሮጊቶች ሁሉ ራስጌያቸው ላይ የተሰቀለ አንድ ዓይነት ፎቶ አላቸው፤ ቤተሰቡ በሙሉ ፓርክ ሄዶ፣ አስቂኝ ቆብ አድርጎ፣ ተቃቅፎ የተነሳው። የልጆቻቸውን ስም የረሱት እንኳ ያንን ፎቶ እያሳዩ ይስቃሉ። "እኔም ይሄ እንዲኖረኝ እፈልጋለሁ" አለች እማዬ፣ "ከሄድን ደግሞ ዘጠኛችንም ነው። አንድ ሰው የሚቀር ከሆነ ማናችንም አንሄድም።"

"በምን አቅማችን?" አለ አባዬ።

"እሱን ለእኔ ተወው።"

እንግሊዝኛዋ እንደነገሩ ነው፤ ነገር ግን ስልክ ላይ የያዘችውን ሰው አትለቅም። ዩኒፎርሟን እየተኮሰች፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ሸጉጣ፣ ጠብቂ ሲሏት ትጠብቃለች፤ የሚያስጠብቁበትን ሙዚቃ ትንሿ እህታችን ሊያ ለምዳው ትደንስበት ነበር። መስከረም ላይ ፓርኩ ባዶ ነው፣ ዋጋውም ይወርዳል ብለው ሥራ ቦታዋ ነገሯት። ትምህርት ተከፍቷላ! እማዬ ትምህርት ቤት ደውላ አዲስ ዓመታችን ስለሆነ ልጆቼ በዓል ያከብራሉ አለቻቸው፤ እንቁጣጣሽ ነው፣ ምኑ ላይ ነው ውሸቱ? የት እንደምናከብር አልጠየቋትም፣ እሷም አልነገረቻቸውም። ቫኑን አባዬ ከታክሲ ጓደኛው ተዋሰ። ማረፊያ ከፓርኩ ራቅ ያለ፣ ኩሽና ያለው ቤት ተገኘ፤ ሽሮው፣ በሶው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ድስቱ ሳይቀር ከክላርክስተን ተጭኖ ሊሄድ ተወሰነ።

የቀረው የመግቢያ ትኬቱ ነበር፤ ወገብ የሚሰብረው እሱ ነው። ለዚህም እማዬ መላ አላጣችም። እዚያ ታይምሼር የሚሸጡ፣ በየዓመቱ አንድ ሳምንት የምታርፍበትን ቤት ግዛ የሚሉ ሰዎች አሉ። ቁርስ ጋብዘው፣ ግማሽ ቀን አስቀምጠው ይሰብኩሃል፤ አልገዛም ብትል እንኳ እስከ መጨረሻው ከሰማሃቸው የፓርኩን ትኬት በርካሽ ይሰጡሃል። አንዱ ለሁለት ሰው፣ ሌላው ለአራት ሰው ብቻ ሲላት እየዘጋችባቸው፣ በመጨረሻ ለቤተሰቡ በሙሉ እሰጣለሁ የሚል አንድ ድርጅት አገኘች። "ናይን? ናይን ፒፕል?" እያለች ደጋግማ አስማለችው።

እንግዲህ ችግሩ አባዬ ነው። አባዬ እምቢ ማለት አልፈጠረበትም። አንድ ጊዜ ቫኪዩም የሚሸጥ ሰው በራችንን አንኳኩቶ ገብቶ፣ ያለችንን አንዲት ምንጣፍ በነፃ ጠረገልን፤ አባዬ ሰውዬው ላቡን ሲጠርግ አየና፣ ይህን ያህል ደክሞልን በባዶ እጁ እንዴት ይሄዳል ብሎ ቫኪዩሙን ገዛው። ከምንጣፋችን የሚበልጥ ቫኪዩም! ይሉኝታው እንዲህ ነው። ያበላው ሰው ከሆነማ ጭራሽ አለቀለት።

ስለዚህ ኦርላንዶ ደርሰን፣ የቁርሱ ዕለት ጠዋት፣ ቫኑ ሻጮቹ በር ላይ እንደቆመ፣ እማዬ ከፊት ወንበር ዞራ አዋጁን አወጀች። "ሰውዬው ያቀረበውን የቀመሰ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው! አባታችሁን አውቀዋለሁ፤ ቁርስ ካበሉት ቤቱን ብቻ ሳይሆን የተቀመጠበትን ወንበር ገዝቶ ነው የሚወጣው። ያቺን ያጠራቀምናትን ከፈረመባት ፓርክ የለም፤ ከዚሁ ዞረን አትላንታ ነው።" አባዬ መሪውን እንደያዘ "እኔ ልጅ ነኝ እንዴ?" አለ። እማዬ በሩን ከፍታ ወረደች።

የተቀበለን ሻጭ ኬን የሚባል፣ ፊቱ በፀሐይ የቀላ፣ የሚያሳዝን ደግ ሰው ነበር። ክፉ ቢሆን እንዴት በተሻለን! የእያንዳንዳችንን ስም ጠየቀ፣ እኔም ብዙ ወንድምና እህት ነበረኝ አለ፣ እትዬ አስካለን ክንዳቸውን ደግፎ አስቀመጠ፤ አባዬ ገና ከአሁኑ ራሱን ይነቀንቅለት ጀመር። ከዚያ ቁርሱ መጣ። ፓንኬክ ተከምሮ፣ እንጆሪ ተበትኖበት፣ ያ ሲረፕ በእንፋሎቱ አፍንጫችን ድረስ እየመጣ፤ እኛ ስድስታችን እጃችንን ጭናችን ሥር አድርገን ቁጭ። ሊያ ምራቋን ስትውጥ ይሰማኛል። ኬን ጾም ናችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ እማዬ "ኖ ታንክ ዩ" አለች፤ ወተት አመጣ፣ "ኖ ታንክ ዩ"፤ ሰውዬው ምን አስቀይሜያቸው ይሆን ብሎ ክፍት አለው። አባዬ በአማርኛ "ነውር ነው እኮ፣ አንዷን እንኳ ልቅመስለት" ሲል እማዬ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው።

ኬን እያሳየ፣ እያስረዳ፣ የገንዳውን ፎቶ እያገላበጠ ቆየና መፈረሚያውን ከነእስክሪብቶው አባዬ ፊት አስቀመጠ። አባዬ ለማየት ያህል ብሎ እስክሪብቶውን አነሳ። እማዬ ስትገረጣ አየሁ። ከዳዊት ጋር ዓይን ለዓይን ተያየን፤ በቃ፣ ፓርኩ ሄደ፣ ዳዊትም ሳንሰባሰብ ሊሄድ ነው አልኩ በልቤ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እትዬ አስካለ የሚባለው ነገር አንዱም አልገባቸውም። የገባቸው ሕፃናት ምግብ ፊት ተቀምጠው መራባቸው ነበር። "ኧረ የእናንተስ ጉድ ነው! ልጅ እንዲህ ይቀጣል?" ብለው ዘንቢላቸውን ከፈቱና ለእንቁጣጣሽ ብለን የያዝነውን ድፎ ዳቦ አወጡት፤ እማዬ ከቡፎርድ ሃይዌይ ገበያ በገዛችው የሙዝ ቅጠል ጠቅልላ የጋገረችውን። የጥቁር አዝሙዱ ሽታ ሲረፑን ድራሹን አጠፋው። ባርከው፣ በእጃቸው ቆርሰው ለእኛ አደሉና፣ መቼም ሰው ፊት ብቻን አይበላም፣ ወደ ኬን ዞሩ። ሰውዬው እጁን ሲዘረጋ እጁን ወዲያ አሉት። "በሞቴ! አፍህን ክፈት የኔ ልጅ!" አሉና አንድ ትልቅ ጉርሻ ከነቅርፊቱ ከተቱበት። ዓይኑ ፈጠጠ፣ ጉንጩ አበጠ፣ አኘከ። በአንድ አይሆንም ብለው ደገሙት።

ያን ጊዜ አባዬን ብታዩት! ወንበሩ ላይ ቀና አለ፣ ትከሻው ሰፋ፤ ከጠዋት ጀምሮ የሰው ቤት እንግዳ ሆኖ ሲሸማቀቅ የነበረው ሰውዬ በአንዴ የቤቱ ጌታ ሆነ። "ይጨመርለት እንጂ! ሻይ አልያዝንም?" ይል ጀመር። ኬን አፉን ጠርጎ ስለ ፊርማው ሲያነሳ አባዬ እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ በፈገግታ "ኖ፣ ማይ ፍሬንድ። ኖት ቱዴይ፣ ኖት ቱሞሮ" አለው። እምቢ ሲል ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ማናጀሩ ሊያግባባን መጣ፤ እትዬ አስካለ እሱንም አጎረሱት፤ እያኘከ ሄደ። እማዬ ዘጠኙን ትኬት ተቀብላ ስትወጣ የእትዬን እጅ እያገላበጠች ሳመች፤ እሳቸው እስከ መጨረሻው "ምን አደረግሁ? ዳቦ ነው እኮ የሰጠሁት" ይሉ ነበር።

ፓርኩን ካፊያ እያካፋበት፣ ባዶ ሆኖ አገኘነው። በየራይዱ፣ በየመጫወቻው ፊት የቁመት መለኪያ አለ፤ ለዚህኛው ሊያ አጠረች፣ ለዚያኛው የእትዬ ልብ አይችልም፣ ሌላው የሚይዘው አራት ሰው ነው። ዳዊት "እማዬ፣ ሊስን፣ ስሚኝ፣ ግማሻችን እዚህ ግማሻችን እዚያ ብንሆንስ?" ሲላት "ለመለያየት አይደለም የመጣሁት" ብላ ቦርሳዋን አንግታ ቀደመች። እግራችን እስኪዝል አዞረችን፤ በመጨረሻ በዋሻ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ዘጠኛችንንም የሚይዝ ጀልባ አገኘችልን።

ጀልባው ጥቂት እንደሄደ አባዬ ራሱን እማዬ ትከሻ ላይ ጥሎ አንቀላፋ። ሙዚቃው ይጮኻል፣ ሊያ በብርሃን የተሠሩ ዓሦች ባየች ቁጥር ትጮኻለች፣ እትዬ አስካለ አፏን የምትከፍተውን የፕላስቲክ ጉማሬ አይተው ያማትባሉ፣ ዳዊት ይስቅባቸዋል፤ አባዬ ግን ጭልጥ። እማዬ ትከሻዋን ሳታነቃንቅ እያንዳንዳችንን በዓይኗ ቆጠረችን። መውረጃው ጋ ስንደርስ እዚያ ለምትሠራው ልጅ "ማይ ሃዝባንድ ስሊፕ። ፕሊስ" አለቻት። ልጅቷ አየችን፣ ወደ ባዶው ሰልፍ ዞር ብላ አየች፣ በእጇ ሂዱ አለችን። ስንት ዙር እንደዞርን አላውቅም። ፎቶ መነሳቱን ከእማዬ ጀምሮ ማናችንም አላስታወስንም።

ከዚያ ወዲህ ዘጠኛችን አንድ ላይ ተቀምጠን አናውቅም። ዳዊት ሄደ፣ እዚያው በሄደበት አገባ፤ እትዬ አስካለ አገራቸው ገብተው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ፤ ሌሎቹን ሥራ ቴክሳስና ሚኒሶታ በተናቸው፤ እማዬ እንኳን ልታረጅ ጡረታዋን ሳታይ ታማ አለፈችብን። ዛሬ ትኬቱን የሻጭ ቁርስ ፊት ሳልቀመጥ መግዛት እችላለሁ፤ ገንዘቡ አለ፣ ሰዉ ነው የሌለው። ለወንድምና ለእህቶቼ በየጊዜው እደውላለሁ፤ አንዱ ኦፍ የለኝም ይላል፣ አንዷ ነፍሰ ጡር ናት፤ ግን ስልክ ላይ የያዝኩትን ሰው አለመልቀቅ ከማን ተማርኩ? ለመጪው መስከረም ኦርላንዶ እንድንሄድ ሦስቱን እሺ አሰኝቻለሁ፣ የቀሩትንም አልለቃቸውም።

የመድኃኒት ሻጩ ፓንኬክ ይዞ የመጣ ዕለት ከሥራ ስመለስ ከሰዓት በኋላ ብሩክሄቨን ካለው ቤቴ ለአባዬ ደወልኩ። ታክሲውን ትቷል፤ ስኔልቪል፣ በኋላ እማዬ መርጣ ባስገዛችው ቤት ውስጥ ብቻውን ነው።

"ተኝተህ ነበር እንዴ?" አልኩት።

"ኧረ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ልጄ" አለ። "ጋደም እላለሁ፣ ግን ቤቱ ጸጥ ይልብኛል።"

ያ ጀልባ ትዝ አለኝ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ሁለቱን ልጆቼን እንደ ልባችሁ ተንጫጩ አልኳቸው። ድስት አንኳኳሁ፣ ውኃ ከፈትኩ፣ በኳስ ሲጣሉ አልገላገልኳቸውም። የሁለት ልጅ ጫጫታ የስድስት አይሆንም፤ የእማዬ ድምፅም የለበትም። ቆይቼ ጆሮዬን ስጠጋው አባዬ ትንፋሹ ከብዷል። ልጆቹ ዝም ሊሉ ሲሉ፣ "ቀጥሉ፣ አያታችሁ ተኝቷል" አልኳቸው።