ከጾመኛ አማት ጋር ወደ ኦቾሎ

አርባ ምንጭ የሚኖር ሰው ሳይማር አስጎብኚ ይሆናል። በዓል በመጣ ቁጥር ዘመድ፣ የዘመድ ጓደኛ፣ የጓደኛ አለቃ ይመጣል፤ የምንሰጠውም ምክር በቃል የተያዘ ነው። ሙዝ አስቀምጣችሁ መስኮት ክፍት አትተዉ፣ ጦጣ ይገባል። ጫሞ ሐይቅ ዳር ፎቶ ስትነሱ ለውሃው ጀርባ አትስጡ፣ አዞ አለ። ለቆላው አጎበር፣ ለደጋው ሹራብ አትርሱ። ይህን ለስንቱ ስደጋግም ኖሬ፣ ከጉዞ ሁሉ ለሚከብደው ጉዞ አንድም ምክር እንደሌለኝ ያወቅኩት የባለቤቴ እናት በገና ጾም የመጨረሻ ቀናት ሊጠይቁን ከደብረ ማርቆስ ሲነሱ ነው።

እኔ ከአርባ ምንጭ በላይ ደጋው ላይ ያለችው የኦቾሎ ልጅ ነኝ። ቤተሰቤ በሙሉ ፕሮቴስታንት ነው፤ አባቴ ሸማኔም የቤተክርስቲያን ሽማግሌም ነው። ባለቤቴ ደግሞ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት መጥታ እዚሁ የቀረች የኦርቶዶክስ ልጅ ናት። ተጋብተንም እሷ በእምነቷ፣ እኔም በእምነቴ አለን፤ ቤታችን የጾምና የፍስክ ድስት ለየብቻ ስላለ እስከ ዛሬ በዚህ ተጣልተን አናውቅም። አማቴ ግን በሰርጋችን ቀን ከእናቴ ጎን ተቀምጠው ከአምቦ ውሃ በቀር ምንም አልቀመሱም። «ጨጓራዬን አሞኛል» አሉ። ወሩ የፍስክ ነበር፤ ጨጓራቸውም ደህና ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ እናቴ ደግሞ ከሁላችንም በላይ ታውቃለች። እስከ ዛሬ ስለ ሰርጉ ስታወራ ስለ ቀሚሱ፣ ስለ መዝሙሩ፣ ስለ ዝናቡ ትናገርና ምግቡ ላይ ስትደርስ ወሬ ትቀይራለች።

ስለዚህ ባለቤቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «እማዬ እናትህ ቤት በልታ እንድትመለስ አድርግልኝ። አዞ ባታይም ግድ የለኝም።»

አማቴ ከአውቶቡስ ሲወርዱ የያዙት ሻንጣ ከሳቸው ይበልጣል። ልብስ መስሎኝ ባነሳው ወገቤ ተንቋቋ። ቤት ስንከፍተው በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ የሽሮ ዱቄትና በጨርቅ የተጠቀለለ የዘይት ጠርሙስ ወጣ።

«አገሩን ስለማላውቀው ነው ልጄ» አሉ።

በማግስቱ ከከተማችን ሲቀላ ሰፈር ምሳ ልጋብዛቸው ይዣቸው ወጣሁ። ምሳ ስል የሳቸውን ምሳ ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃም አይቀምሱም። እኔም ለአክብሮት ብዬ አብሬያቸው ስጠብቅ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ራሴን ያዞረኝ ነበር። የጾም በያይነቱ አዘዝን። ጎመኑ፣ ምስሩ፣ ቀይ ሥሩ ዙሪያውን ተደርድሮ፣ መሃሉ ላይ አንድ የተጠበሰ ዓሣ አፉን ከፍቶ ተጋድሟል።

«ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አሏት አስተናጋጇን።

«ዓሣ ነው ማዘር።»

«የጾም አልነበር ያዘዝነው?»

«አዎ! ዓሣ ነው እኮ!»

ልጅቷ ላይ አልፈርድም። በኛ ከተማ ዓሣ ከጎመን ጋር የሚቆጠር ነገር ነው። በዚህ ጾም ዓሣ ይበላል የሚሉም ሞልተዋል፤ አማቴ ግን ከነሱ ወገን አይደሉም። ወደ ሌላ ቤት ሄድን። እዚያ ደግሞ ሳልይዛቸው ቀጥ ብለው ማድቤት ገቡና ሽሮው የተሠራበት ድስት ትናንት ምን እንደተሠራበት ጠየቁ። ወጥ ሠሪዋ ጥያቄው ከመንግሥት የመጣ መስሏት «ትናንት እረፍት ላይ ነበርኩ» አለች። በሦስተኛው ቀን ምግቡ ይቅር፣ ሐይቁን እንኳን ይዩ ብዬ ጫሞ ዳር ወሰድኳቸው። ዓሣ የሚያራግፍ አንድ አጥማጅ የሆነውን ሲሰማ አዘነላቸውና ሊያግባባቸው ሞከረ።

«እናቴ፣ ዓሣ እኮ ከውሃ ነው የሚወጣው። ምን ኃጢአት አለበት?»

«አዞም ከውሃ ነው የሚወጣው» አሉት።

አጥማጁ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ማታ ግን ለባለቤቴ ስነግራት አልሳቀችም። የእናቷን በሶ ለመበጥበጥ ውሃ እየቀዳች ነበር።

ለኦቾሎው ጉዞ ግን ነገር ላላበላሽ ቆርጬ ተነሳሁ። ለአባቴ ደጋግሜ ደወልኩ። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም፣ ቅቤ በፍጹም የለም፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው የሚበሉት አልኩት። አባቴ «ገባኝ፣ ገባኝ፣ አትስጋ» ይላል። ከበስተጀርባ የእናቴ ድምፅ ይሰማኛል፤ በጋሞኛ «ያለ ቅቤ? ለእንግዳ? ያለ ቅቤ?» እያለች ነው። በኛ ደጋ ለእንግዳ የሚቀርብ ምግብ ቅቤ ካልዋኘበት እንግዳውን እንደ መስደብ ነው። ቢሆንም አባቴ ገብቶኛል ስላለ ልቤ አረፈ።

የቀረው አደጋ በሶው ነበር። አማቴ እናቴ ፊት ከቦርሳቸው በሶ አውጥተው ከበጠበጡ ሰርጉ ተደገመ ማለት ነው። ባለቤቴ በጠዋት፣ እናቷ ጸሎት ላይ ሳሉ፣ በሶውንም ቆሎውንም ከቦርሳው አውጥታ አልጋ ሥር ደበቀችው። በጣም ብልህ የሆንን መስሎን ነበር።

መኪናው እስከቻለበት ወሰደን፤ የቀረውን ዳገት በእግር ወጣነው። አማቴ ዕድሜያቸው ከስልሳ ያልፋል፤ እህል ውሃ ሳይቀምሱ፣ ከኔ ቀድመው፣ ሳያለከልኩ ወጡት። ጫፍ ላይ ስንደርስ ታች አባያ ሐይቅ ቀይ አፈር መስሎ ተዘርግቷል። ቆም ብለው አዩና «መልካም አገር ነው» አሉ። ከመጡ ወዲህ ያመሰገኑት የመጀመሪያው ነገር ስለነበር ደስ አለኝ።

ቤት ስንደርስ ግቢው ተጠርጓል፣ ወንበር ተደርድሯል፣ የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌዎችም ሙሉ ልብስ ለብሰው ተቀምጠዋል። አንድ ነገር ግን ቅር አለኝ፤ ከማድቤቱ ጭስ አይወጣም።

አባቴ ሁለቱንም እጁን ዘርግቶ ተቀበላቸው። የአባቴ አማርኛ «እርስዎ» የሚለውን ጨርሶ አያውቅም፤ ለወረዳ አስተዳዳሪም «አንተ» ነው የሚለው።

«እንኳን መጣሽ እህቴ! ተቀመጪ። አንቺ ጾመኛ ነሽ። እኛ ደግሞ ለእንግዳ ያለ ቅቤ አቅርበን አናውቅም፣ ነውር ነው። በቅቤ ብናቀርብ አንቺን ማስቀየም ነው። ስለዚህ ከሽማግሌዎች ጋር ተማከርን። ከትናንት ማታ ጀምሮ በዚህ ቤት እህል የቀመሰ ሰው የለም። ካንቺ ጋር እየጾምን ነው!»

«አሜን!» አለ ቤቱ በሙሉ።

«በዘጠኝ ሰዓት እንደምትፈቺ ልጄ ነግሮኛል። አይዞሽ፣ ዛሬ ብቻሽን አይደለሽም። እናግዝሻለን፤ እስከ ነገ ጠዋት እንዘልቃለን!»

አማቴ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ያ ዓይን እስከ ዛሬ ፊት ለፊት ይመጣብኛል።

ጸሎቱ ተጀመረ። ዘጠኝ ሰዓት መጣ፣ አለፈም። አማቴ ሰዓታቸውን ሲያዩ አባቴ አይቷቸው «በርቺ እህቴ! ፈተና ነው!» አለ። የኔ ሆድ ከመዝሙሩ ጋር መቀባበል ጀመረ። ባለቤቴ በጆሮዬ «በሶውን...» አለችና አልጨረሰችውም። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል እናቴን አየኋት። በሩ ጋ ቆማለች፣ ጋቢዋ ውስጥ ተሸሽጋ፣ መሬት መሬት እያየች። እንግዳ ቤቷ ተቀምጦ እሳት አላነደደችም። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ቀን ገጥሟት አያውቅም። ሳቄ ጠፋ፤ ልቤ ተሰበረ።

አማቴም ያየኋትን አይተዋል።

«እናትህም አልበሉም?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ከትናንት ማታ ጀምሮ።»

«በኔ ምክንያት?»

«በእርስዎ ምክንያት።»

የሚቀጥለው «አሜን» ሲመጣ ብድግ አሉ። «ማድቤቱ የት ነው?»

ሽማግሌዎቹ እንደ ተቀመጡ ቀሩ። እኔ ተርጓሚ ነኝ ብዬ ተከተልኳቸው። እናቴ እንግዳ ማድቤቷ ሲገባ አይታ ደንግጣ ተከትላን ሮጠች። ድስቶቹ በመደዳ ተቀምጠዋል፤ ስንት ዓመት ቅቤ የጠጡ ስለሆኑ ባዶአቸውን ያብረቀርቃሉ። የድስት ምርመራው ሊጀመር ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ድስት አንፈልግም» አሉ አማቴ። ጥግ ላይ ያለውን ድንች አይተው ወደ ምድጃው ጠቆሙ። ከዚያ በበሩ ከጓሮ የቆመውን እንሰት አዩ። «ያ ኮባ አይደለም እንዴ? እኛ አገር ቅጠሉን ለዳቦ መጋገሪያ ነው የምንፈልገው።»

«እኛ ራሱን ነው የምንበላው» አልኳቸው። «ተፍቆ፣ ተቀብሮ ከርሞ ይጋገራል። ቆጮ ይባላል።»

«ቅቤ አለበት?»

«ሲጋገር የለበትም። ሲቀርብ ነው።»

«እንግዲያው ሳይቀርብ እንበላዋለን።»

እሳት ነደደ። ድንቹ ረመጥ ውስጥ ገባ፤ ቆጮው ከላይም ከታችም ቅጠል ለብሶ ምጣዱ ላይ ወጣ። ሁለቱ ሴቶች አንድ የጋራ ቋንቋ የላቸውም፤ ቢሆንም አንዷ ስትጠቁም ሌላዋ ታገላብጣለች፣ እኔን የሚፈልገኝ ጠፋ። ከወዲያኛው ቤት ጸሎቱ ቀጥሏል። የድንቹ ሽታ ሲደርስ ግን ድምፁ እየሳሳ፣ ጸሎቱም እያጠረ መጣ። በመጨረሻ አባቴ በሩ ላይ ብቅ አለ። «ጌታ ልብን ነው የሚያየው» አለና እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ማዕዱ ድንች፣ ቆጮና ከቃሪያ የተፈጨ ዳጣ ብቻ ነበር። ሽማግሌዎቹ በበሉበት ፍጥነት ጾም የፈታ ሰው እንኳን ሲበላ አላየሁም። እናቴ ግን አልቀረበችም። ራቅ ብላ ቆማ በጋሞኛ ታጉረመርማለች። አማቴ ምን እንደምትል ጠየቁኝ፤ እኔ አፈርኩ፣ ባለቤቴ ተረጎመች።

«‹እንግዳዬን ደረቅ ነገር አበላኋት፣ ደግማ ቤቴ አትመጣም› ነው የሚሉት።»

አማቴ ተነስተው የእናቴን ክንድ ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧት።

እናቴ ያኔ የምታውቀውን አደረገች። ከቆጮው ቆረሰች፣ ዳጣ ነካ አደረገችና ወደ አማቴ አፍ ዘረጋች። ጣቶቿን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የደጋው ብርድ እጅ ይሰነጥቃል፤ እናቴ ደግሞ እንደ ደጋ ሴት ሁሉ እጇን ቅቤ ትቀባለች። ለእንግዳ ክብር ብላ ጠዋት አብዝታ ተቀብታለች። ጣቶቿም፣ ቆጮውም ያበራሉ። ባለቤቴ ጉልበቴን ጨመቀችው። አባቴ ማላመጥ አቆመ። አማቴም አይተዋል፤ የሲቀላን ድስት ሁሉ የመረመረ ዓይን ይህን አያልፈውም። የእናቴ እጅ አየር ላይ ቆየ።

አማቴ አፋቸውን ከፈቱ።

ቀስ ብለው አላመጡ፤ ዋጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጠይቃት እስቲ» አሉኝ፤ «እናንተ አገር ጉርሻ አንድ ብቻ ነው?»

ተርጉሜ ሳልጨርስ እናቴ ሁለተኛውን ቆርሳ ነበር።