ዘጠና ሁለት ላይ የሚፈላ ውሃ

ኢንስፔክተሩ መስኮቱ ሥር ቆመዋል፤ ካፖርታቸውን አላወለቁም። ዳይሬክተራችን ከእሳቸው ትንሽ ወደ ኋላ ብለው እጃቸውን አጣምረዋል። የኬሚስትሪ መምህራችን፣ ከህንድ የመጡ ሰው፣ ጠመኔ እንደያዙ ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ናቸው። በላቦራቶሪው ውስጥ በነበረችው አንዲት ወንበር ላይ የአንድ ሻለቃ ባለቤት ተቀምጠዋል። ልጃቸው፣ የክፍል ጓደኛዬ፣ ከረጅሙ ጠረጴዛ ማዶ ቆማለች። አባቴ በሩ አጠገብ ነው፤ ግድግዳው አዲስ ቀለም ስለተቀባ እንዳይነካው ተጠንቅቆ ቆሟል። እኔ ከከሰል ፎርኔሎው ጎን ነኝ። ድስቱ ውስጥ ውሃው ይፈላል።

የተሰበሰብነው አንዲት ልጅ ለመምረጥ ነበር። ከትምህርት ቤታችን አንዲት ሴት ተማሪ በመንግሥት ወጪ አዲስ አበባ ሄዳ ሳይንስ እንድትማር ተፈቅዶ ነበር። ለመጨረሻው የቀረነው እኔና የሻለቃው ልጅ ነን። ከአዲስ አበባ የመጡት ኢንስፔክተር ፊት እያንዳንዳችን አንድ ሙከራ ሠርተን እናስረዳለን፤ የተመረጠችው ልጅ ወላጅም እዚያው «ፈቅጃለሁ» ይላል። ለዚህ ነበር አባቴ ሱቁን ዘግቶ የመጣው።

አባቴ ከወሎ የመጣ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቁ ዓኽርያ በሚባለው የአስመራ ሰፈር ነበር። እናቴ የአስመራ ልጅ ነች። እቤታችን አማርኛም ትግርኛም ይነገራል፤ እኔ አማርኛውን ከአባቴ፣ የጉሮሮ ድምፁን ከእናቴ ወሰድሁ። በዚያ ዓመት የአባቴ ዓይን እየደከመ ሄዶ ጥቁር ጨርቅ ላይ ጥቁር ክር መለየት አቅቶት ነበር። ፈተናው ሲቀርብ አንድ ማታ አስቀምጦ አነጋገረኝ።

«ከመረጡሽ ሂጂ» አለ። «ሰው እቀጥራለሁ፣ አላህ ያውቃል። ካልመረጡሽ ግን ከስፌት መኪናው ፊት ትቀመጫለሽ። አንቺንም ማስተማር ሠራተኛም መቅጠር፣ ሁለቱን መያዝ አልችልም፣ ልጄ።»

«እሺ አባዬ» አልኩት። ሌላ የሚባል አልነበረም። እውነቱን ነበር የነገረኝ።

ሙከራው ቀላል ነው። የመዳብ ቁራጭ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ይቆያል፣ የውሃውን ያህል እስኪግል። ከዚያ ቶሎ ወጥቶ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ይገባል። መዳቡ ይቀዘቅዛል፣ ውሃው ይሞቃል። መዳቡ የሰጠው ሙቀትና ውሃው የተቀበለው እኩል ነው ተብሎ ይሰላል፤ በዚያ የመዳቡ ሙቀት የመያዝ አቅም ይገኛል። የሚያስፈልገው ሚዛን፣ ጣሳና ቴርሞሜትር ነው።

ችግሩ ቴርሞሜትሩ ላይ ነበር። ትምህርት ቤቱ የነበረው አንድ ብቻ ነው። እሱ ከተሰበረ ሌላ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ ስላልነበረ፣ ከእኛ በፊት ከነበሩት ተማሪዎች ጀምሮ አንድ ልማድ ተይዞ ነበር፦ ቴርሞሜትሩ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ብቻ ይገባል፣ የሚፈላ ውሃ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። የፈላ ውሃ ሙቀት መቶ ዲግሪ መሆኑን መጽሐፉ ስለሚናገር ማንም አይለካውም። «መቶ» ብለን እንጽፍና እናልፋለን።

መልሳችን ግን ሁልጊዜ መጽሐፉ ከሚሰጠው ያንሳል። መምህራችን «የጎደለውን ጣሳው ጠጥቶታል» ይሉን ነበር። እኔ ይህን አምኜ ጣሳውን ሌባ አደረግሁት። ከቃኘው የጦር ሰፈር ከሚወጡት የአሜሪካኖች ቆርቆሮዎች አንዱን አግኝቼ ትንሹን ጣሳ በውስጡ አስቀመጥሁ፤ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ከአባቴ ሱቅ ባመጣሁት የሱፍ ቁርጥራጭ ጠቀጠቅሁት። የሻለቃው ልጅ አይታ ሳቀች።

«አንቺ የልብስ ሰፊ ልጅ፣ ለውሃውም ካፖርት ሰፋሽለት?»

«ያውም የአባትሽን ካፖርት» አልኳት። እውነት ነበር፤ አባቴ የሻለቃውን እጅጌ ሲያሳጥር የተረፈ ጨርቅ ነው።

ጣሳውን በወታደር ሰላምታ ተቀበለችው። ተሳሳቅን። ጥሩ ልጅ ነበረች፤ ገጀረት ሰፈር ካለው ቤታቸው ብርቱካን እያመጣች ታካፍለኝ ነበር።

ካፖርት የለበሰው ጣሳም መልሱን አላስተካከለውም። በጥቂት ተሻሻለ እንጂ ያው ጎደለ። ያኔ ነው መቶውን የተጠራጠርሁት። አንድ ቀን ሌሎች ሲወጡ ወደ ኋላ ቀርቼ ቴርሞሜትሩን ለመክተት ወሰንሁ። እናቴ ሻሂ ከመቅዳቷ በፊት ብርጭቆውን በለብታ ውሃ ታለቀልቃለች፤ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ትኩስ ሲያገኘው እንደሚሰነጠቅ ከእሷ አውቃለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ በመዳፌ አሞቅሁት፣ ቀጥዬ በእንፋሎቱ ላይ ያዝሁት፣ ከዚያ ቀስ ብዬ አስገባሁት። ዘጠና ሁለት ላይ ቆመ። ውሃው ይንተከተካል፣ እሱ ግን ከዚያ አልነቃነቅ አለ።

ለመምህሩ ስነግራቸው በመጀመሪያ ቴርሞሜትሩን ወደ ብርሃን አንስተው ስንጥቅ ፈለጉበት። ከዚያ እንዳደረግሁት ደግሜ እንዳሳያቸው አዘዙኝ። ቁጥሩን ሲያዩ ረጅም ሳቅ ሳቁ። እሳቸው ያደጉት ባሕር ዳርቻ ነው።

«ከተማችሁ ሰማይ ላይ ተሰቅላ ውሃውስ ምን ያድርግ!» አሉ በእንግሊዝኛ። «መቶ ከፈለግሽ ምጽዋ ውረጂ።»

ከፍ ያለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ ቀድሞ እንደሚፈላ አስረዱኝ። ማወቁንስ ያውቁ ነበር፤ የሚኖሩበትን ከተማ እንደሚመለከት ግን አላሰቡትም። በዘጠና ሁለት አሰላን። መልሱ የመጽሐፉን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ከዚያ በሩን ዘግተው ተመለሱ።

«ኢንስፔክተሩ ሲመጡ ግን መቶ በይ» አሉኝ። «የሚይዙት መጽሐፉን ነው። መጽሐፉ መቶ ይላል። የእኔ ውል ደግሞ በየዓመቱ ነው የሚታደሰው።»

እንዳሉኝ ላደርግ አስቤ ነበር የመጣሁት።

ኢንስፔክተሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ኬሚስትሪ የተማሩ ግን አይመስለኝም። መጽሐፉን ገልጠው በጣታቸው እየተከተሉ ጠየቁኝ። ክብደቱን ተናገርሁ፣ የቀዝቃዛውን ውሃ ሙቀት ተናገርሁ።

«መዳቡ ያለበት የፈላ ውሃስ ስንት ነው፣ ልጄ?»

«ዘጠና ሁለት» አልኩ። ለምን እንዳልኩ ዛሬም በሚገባ አላውቅም። ያየሁት እሱን ነበር።

ጠመኔው በመምህሩ እጅ ቆመ። ኢንስፔክተሩ ከመጽሐፉ ቀና አሉ።

«እዚህ መቶ ይላል።»

«እወ፣ ጌታዬ። ሐቁ ግን... አስመራ ከፍ ያለ አገር ነው፤ እዚህ ውሃ በዘጠና ሁለት ይፈላል።»

ደንግጬ ስለነበር የእናቴ አነጋገር ወጣ። የሻለቃው ባለቤት መሐረባቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ልጃቸው «እማዬ!» አለቻቸው በሹክሹክታ።

«ለካሽው ወይስ ገመትሽው?»

«ለክቼዋለሁ።»

ኢንስፔክተሩ ወደ መምህሩ ዞሩ። «እርስዎ ምን ይላሉ?»

መምህሩ ጠመኔውን አዩት። «መጽሐፍ... መቶ ነው፣ ጌታዬ» አሉ፣ በሚችሉት አማርኛ።

አባቴ ምን እንደሆነ አልገባውም። ፊቴን ብቻ ያይ ነበር።

«ምን ያከራክረናል?» አሉ ኢንስፔክተሩ፣ በደግነት። «ዕቃው ይኸው፣ ውሃው ይኸው። እንየዋ!»

ቅን ፍርድ ነበር፤ ደስም ብሎኝ ነበር። ቴርሞሜትሩ ግን ከማለዳ ጀምሮ በቀዝቃዛው ጣሳ ውስጥ ነው ያለው። ኢንስፔክተሩ ራሳቸው እጃቸውን ዘርግተው መዝዘው አወጡት።

«ጌታዬ፣ መጀመሪያ በእንፋሎቱ...»

ከተቱት። የተሰማው ድምፅ በጣም ትንሽ ነበር። ወደ ላይ ሲያነሱት ጫፉ የለም፤ ሜርኩሪው በድስቱ ሥር ከመዳቡ ዙሪያ እንደ ዶቃ ተበትኖ ይንከባለላል። ቁጥሩን ያየ ማንም አልነበረም።

«ቀድሞም ስንጥቅ ነበረበት መሰለኝ» አሉ ኢንስፔክተሩ።

«ሳይሆን አይቀርም፣ ጌታዬ» አሉ ዳይሬክተሩ።

መምህሩ የተሰበረውን ተቀብለው በጠረጴዛው ላይ፣ እንዳይንከባለል አድርገው አስቀመጡት። መዳቡን አውጥቼ ጣሳው ውስጥ ብጨምረውም የውሃውን ሙቀት የማነብበት ነገር የለኝም። ይህን ሁሉም ያውቁ ነበር።

«እንግዲህ የሷ ሙከራ መልስ የለውም» አሉ ኢንስፔክተሩ ለዳይሬክተሩ። «ሁለተኛዋ በክፍል የለካችውን በሰሌዳው ላይ ታስላልን፣ የፈላውን ውሃ በመጽሐፉ ቁጥር አድርጋ።»

ጓደኛዬ ከመምህሩ እጅ ጠመኔውን ወሰደች። ጽሑፏ ያምራል። የፈላው ውሃ ቦታ ስትደርስ ቆም ብላ ወደ እኔ ዞረች። እናቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መቶ ብላ ጻፈች፤ አስልታ ጨረሰች፤ የጎደለውንም ጣሳው ጠጥቶታል ብላ አስረዳች። ኢንስፔክተሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ሻለቃው ባለቤት ጎንበስ ብለው ይፈቅዱ እንደሆነ ጠየቋቸው።

«በደስታ» አሉ እሳቸው።

ኢንስፔክተሩ አባቴንም አልረሱትም። «ጎበዝ ልጅ አለችዎት፣ አባት» አሉት።

«አላህ ይስጥልኝ» አለ አባቴ። ቀጥሎ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ «ምን አጠፋሽ?» አለኝ።

«ምንም፣ አባዬ።»

ፎርኔሎውን በአመድ አዳፈንሁት። ቀዝቃዛውን ውሃ ባልዲው ውስጥ ደፋሁ። ሱፉ የሱቅ ዕቃ ስለሆነ ከጣሳው ዙሪያ ነቅዬ አጣጠፍሁትና ነጠላዬን ለበስሁ። መምህሩ በሩን ከፈቱልኝ፤ ጨርቁን በብብቴ ይዤ አባቴን ተከትዬ ወደ ሱቁ ወጣሁ።