አጎቴ ያሳነሰው ዝናብ

አጎቴ ሚደቅሳ ሠላሳ አንድ ዓመት ዝናብ ለካ። እንጀራው የትምህርት ቤት ጥበቃ ነው፤ ልደታ ማርያም አጠገብ በሚጠብቀው ግቢ ውስጥ የቆመችውን የዝናብ መለኪያ ጣሳ ግን በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሚያነባት እሱ ነው። የተጠራቀመውን ውሃ በመስታወት ቱቦ ለክቶ ሚሊ ሜትሩን መዝገብ ላይ ያሰፍርና በወሩ መጨረሻ ለሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ይልካል። ሠርግ ይሁን ሕመም፣ አንድ ቀን ዘሎ አያውቅም። እናቴ ዲንቄ ታላቅ እህቱ ናት፤ “ወንድሜ የሰማይ ጸሐፊ ነው” እያለች ጌጃ ሰፈርን ታሰለቸው ነበር።

የዝናቡ ጠባይ መለወጡን ከማንም በፊት ያወቀው እሱ ነው፤ ይህን አልክደውም። የዓመቱ ድምር ያው ሆኖ የሚዘንብባቸው ቀናት እያነሱ መጡ፣ ድሮ ሦስት ቀን የሚያዘግመው አሁን በግማሽ ሰዓት ይዘረገፋል ይለን ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ነሐሴ ውስጥ፣ ቱቦውን አራት ጊዜ እየሞላ ደፍቶ ዘጠና አራት ጻፈ።

መሥሪያ ቤቱ ጠርቶ አዋረደው። ሌሎቹ ጣቢያዎች ሃያ ሲሉ አንተ ዘጠናውን ከየት አመጣኸው፣ ጠጥተህ ነው ወይስ ውሃ ጨምረህበት ተባለ። ቁጥሩንም በቀይ ሰረዙት። ሚደቅሳ ደግሞ ኩራቱ ከነፍሱ ይበልጥበታል። ከዚያ ወዲህ ሰማንያም ይምጣ ዘጠና፣ አርባ ምናምን ብሎ ይጽፋል። ማንም አልጠራውም። ጭራሽ የምስጋና ወረቀት ሰጡት፤ ጉድ እኮ ነው።

ካቻምና በእናቴ ቤት ግድግዳ ሥር የሚያልፈው የጎርፍ ቦይ እንደገና ሊሠራ ሲል ሮቤራ የሚባል ወጣት መሐንዲስ መጣ። የቦዩ ስፋት የሚወሰነው በመዝገቡ ላይ ባለው ትልቁ ዝናብ ነው አለን። እናቴ ከወገቧ በታች አትንቀሳቀስም፤ ቦዩ ከጠበበ ጎርፉ ቀጥታ የሚገባው አልጋዋ ላይ ነው። ሚደቅሳ ይህን ሲያስብ አደረ መሰለኝ፣ በነጋታው ሮቤራ ፊት አንገቱን ደፍቶ ቁጥሮቼ ውሸት ናቸው፣ ቦዩን አስፉት አለ። እስከዚያ ቀን እኛም አናውቅም ነበር።

ሮቤራ ትክክለኛዎቹን የት እንደጻፋቸው ጠየቀው። የትም አልጻፋቸውም።

“ጋሼ፣ የእርስዎ መዝገብ ከሁሉም የተስተካከለ ነው” አለው ልጁ በትሕትና። “ሠላሳ ዓመቱን በሙሉ አስልተነዋል። በዚህ ጣቢያ የዝናቡ ኃይል አልጨመረም።”

አስለቅቀን እንዳንወስዳት እናቴ ከቤቴ አልወጣም አለች። ቦዩም በመዝገቡ ልክ ተሠራ።

አምና ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ዝናቡ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጀመረ፣ አሥር ሰዓት ሳይሞላ አባራ። እኔ ፍርድ ቤቱ በር ላይ የሰው ማመልከቻ እየጻፍኩ ነበር። ስደርስ ጎረቤቶች በሩን ሰብረው እናቴን አውጥተዋታል። ከዚህ በላይ አላወራም።

ድንኳን ውስጥ ሚደቅሳ ደረቱን እየደቃ አለቀሰ። ላጽናናው አልተነሣሁም፤ እውነቱን ልናገር፣ ጠላሁት። በሦስተኛው ቀን ጠጋ ብዬ ስንት ነበር አልኩት።

“ጊፍቲ፣ አላነበብኩትም” አለኝ።

በቀብሯ ጠዋት ወደ መለኪያው የመሄድ አቅም አጥቶ ነበር። በሠላሳ አንድ ዓመት የመጀመሪያው ባዶ መስመር።

መስከረም ሲጠባ የሰው መጻፌን ትቼ፣ ቦዩን አጥብበው የሠሩትን ለመክሰስ የራሴን ማመልከቻ ጻፍኩ። ፍርድ ቤቱ የዚያን ቀን ዝናብ ማስረጃ አምጪ ስላለኝ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ያልተነበበ ቀን ሲገጥማቸው የአካባቢውን ጣቢያዎች አማካይ ያስገባሉ፤ ደንባቸው ነው አሉኝ። ማኅተም መትተው ሰጡኝ። እናቴ የሞተችው በአሥራ አራት ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው።