ለክሪፕቶው ዋስ የሆንኩ ጊዜ

አባቴ ሮብ ገበያ ላይ በሬ ሲገዙ ጥርሱን ከማየታቸው በፊት የሚጠይቁት አንድ ነገር አለ፦ «ዋሱ ማነው?» ሻጩን የሚያውቅ፣ በሬው የሌባ ሆኖ ቢገኝ ከኪሱ የሚከፍል ሰው ካልቆመ ገመዱን አይነኩም። ለበዓል ቤት ሄጄ፣ ክሪፕቶ ላይ ያስገባሁት ደመወዜ በየቀኑ ሲያድግ በስልኬ ሳሳያቸውም ይህንኑ ጠየቁኝ።

«ባለቤቶቹን ታውቂያቸዋለሽ?»

«አላውቃቸውም፣ አባየ። ውጭ አገር ናቸው።»

«ታዲያ ዋሱ ማነው?»

ሳቅሁ። «እኔ ነኛ!»

ደብረ ማርቆስ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። በቴሌግራም ቡድናቸው ውስጥ ያስገባችኝ አብራኝ የተማረች ልጅ ናት። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ገና ከጅምሩ ይሸት ነበር። ኪሳራ የለም ይላሉ። ሰው ባመጣሽ ቁጥር ይጨመርልሻል ይላሉ። አንዱ «ገንዘቤን እንዴት ላውጣ?» ብሎ ሲጽፍ ጥያቄው ከነሰውየው ይጠፋል። ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት በሩቁ የምለየው ሴትዮ ይህን ሁሉ እያየሁ ዝም አልኩ። ቁጥሩ ሲጨምር ደስ ይለኝ ነበር፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

አንድ ጠዋት ለቤት ኪራይ ጥቂት ላውጣ ብዬ ሞከርኩ። መጀመሪያ ግብር ክፈይ አሉኝ። ካለኝ ላይ ቀንሱ ብላቸው፣ አይሆንም፣ አዲስ ገንዘብ አስገቢ አሉ። ልጅቷ ጋ ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ያን ጊዜ ነው ቀኑ ሮብ መሆኑ ትዝ ያለኝ። አባቴ ካሏቸው ሁለት በሬዎች አንዱን ሸጠው ገንዘቡን እዚያው እንዳስገባላቸው ሊልኩልኝ የተነጋገርነው ለዚያ ቀን ነበር። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም።

ለአባቴ ደጋግሜ ብደውል አያነሱም። ወደ ገበያው የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሁሉ ስልኩን ከጆሮዬ አላወረድኩም። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ምነው ልጄ፣ የሞተብሽ አለ?» ሲሉኝ «አባቴ ስልክ አያነሱም» አልኋቸው።

ከብት ተራ ስደርስ አባቴ ከአንድ ገዢ ጋር ዋጋ ይከራከራሉ፤ በሬው አልተሸጠም። ገመዱን ይዤ ለቅሶዬን ለቀቅሁት።

«አባየ፣ ሌቦች ናቸው! እንዳይሸጡት፤ ዋስነቴንም አንስቻለሁ።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ፊታቸው ግን አመድ መሰለ፤ አባቴ ሲፈሩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ጎረቤታችን ባለፈው ሳምንት ላሟን ሸጣ ገንዘቡን በልጇ ስልክ ለእነሱው ልካለች» አሉ። «ዋሱ ማነው ብላ እኔን ጠየቀችኝ።»

«ምን አሏት?»

«ልጄ አለችበት፣ ዋሱ እኔ ነኝ አልኋት።»

ገመዱን ከእጄ ቀስ አድርገው ወሰዱና ወደ ገዢው ዞሩ።