የእናቴ የክርስትና ስም

ቡሬ ስመደብ ሁለት ዓመት ሠርቼ ወደ አዳማ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። በጤና ጣቢያው መድኃኒት ክፍል ሥራ በጀመርኩ በሰባተኛው ወር ውጊያ ተነሥቶ መንገድ ተዘጋ። ለሳምንት መስሎን ነበር። ከዚያ ስልኩም ጠፋ። ጧት ክፍሉን ከፍቼ ባዶ መደርደሪያ ፊት እቀመጣለሁ፤ ለስኳር ታማሚውም ለነፍሰ ጡሯም "የለም" ስል እውላለሁ፤ ማታ ቤቴ ገብቼ በሩን እቀረቅራለሁ። ከሥራ እስከ ቤት ያለችውን መንገድ ድንጋይ በድንጋይ ለየኋት። ከእሷ ውጭ ዓለም የቀረ አይመስለኝም ነበር።

እናቴን ልቧን እያመማት ነበር የተለየኋት። ስልክ ከጠፋ ወዲህ በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። ሳል በሰማሁ ቁጥር የእሷ ይመስለኛል።

አከራዬ ከአዊ የመጡ ባልቴት ናቸው። ከእህታቸው ጋር በአገውኛ ሲጨዋወቱ ቆይተው እኔ ስመጣ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። አንድ እሑድ በሬን አንኳኩተው ቤት ዘግቶ መዋል ደግ እንዳልሆነ ነገሩኝና አብሬያቸው ቤተ ክርስቲያን እንድስም ጠየቁኝ። ከልጅነቴ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የሄድኩት ለሰርግና ለቀብር ብቻ ነው። እምነት አነሳስቶኝ ሄድኩ ብል እዋሻለሁ፤ ሌላ የሚኬድበት ስላልነበረ ነው።

በሴቶቹ በር ገብቼ ግድግዳ ሥር ቆምኩ። ሰው ሁሉ ለካህኑ ሲመልስ እኔ አንድ ቃል ወደ ኋላ እቀር ነበር። ከጎኔ ያሉት ሴቶች ሰላም ከማለት በቀር አላናገሩኝም። በመካከላቸው "አዲስ አበቤዋ" እንደሚሉኝ ሰምቻለሁ፤ አዳማ ነው ብሎ ማረሙ ሰልችቶኝ ተውኩት። ያም ሆኖ በሳምንቱ ተመለስኩ፤ በሌላውም ሳምንት። እግሬ እስኪዝል መቆሙ ራሱ ከመቀመጥ ይሻለኝ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ አንዲት ነርስ ባልደረባዬ መድኃኒት ልታመጣ በአምቡላንስ ፍኖተ ሰላም ሄደች። እዚያ ስልክ ይሠራ ነበር። ወንድሜ የእሷን ቁጥር ቀድሞ ይዞ ስለነበር አገኛት፤ እናቴ ካረፈች ሦስት ሳምንት እንዳለፋት ነገራት። ብቻዬን ሆኜ እንዳልሰማ አደራ አላት። ነርሷ ከዚያ በተመለሰች ማግስት ሥራ ቦታ ፊቴን ሳታይ ዋለች፤ ድካም መስሎኝ ነበር። ለካ ለአከራዬ ነግራ ኖሯል።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ከአሥር የማያንሱ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። እነዚያው ከግድግዳው ሥር አብረውኝ የሚቆሙት ናቸው። አንዳቸውም ሳይናገሩ ገባኝ። መርዶ የሚያረዳ ዘመድ ነው፤ እኔ ደግሞ በዚያ አገር ዘመድ የለኝም ብዬ ነበር። አከራዬ ሁለት እጄን ያዙና "ልጄ፣ እናትሽ አርፋለች" አሉኝ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የያዙኝን እጆች ብቻ ነው።

ሦስት ቀን ተቀመጡልኝ። ከመካከላቸው አንዷ ለቅሶ አውጭ ነበረች። ጠጋ ብላ "ንገሪኝ እስቲ፣ ሳላውቃት እንዴት አለቅሳታለሁ?" አለችኝ። የተማሪ ልብስ እየሰፋች እንዳሳደገችን፣ ቁጡ እንደነበረች፣ የግቢዋን ፓፓያ ለመንገደኛ እንደምታድል ነገርኳት። ስፌት መኪናዋን እንደ ሰው እየጠራች አለቀሰችላት። አዳማን በካርታ እንኳ አይተው የማያውቁ ሴቶች አብረው አለቀሱ።

በሦስተኛው ቀን ቄሱ መጥተው ጸሎት አደረሱ። ለአርባዋ በቅዳሴ እንዲያስቧት የክርስትና ስሟን ጠየቁኝ። አላውቀውም። ሠላሳ ዓመት ልጇ ሆኜ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም፤ አሁን የምጠይቀው ሰው በተዘጋው መንገድ ማዶ ነው። ያን ጊዜ ያፈርኩት እፍረት ከሐዘኑ በላይ ቆረጠኝ።

ቄሱ አልገሠጹኝም። "ስሟ የጠፋው ካንች ነው እንጅ ከፈጣሪ አይደለም" አሉ። "እስክታገኝው 'የዚህች ልጅ እናት' እያልን እንጸልያለን።"

በአርባዋም እንዲሁ ያለ ስም ታሰበች። ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ እሑድ እሑድ ሰላምታቸው ተለወጠ፤ "ተገኘ?" ይሉኛል፣ የጠፋ ከብት እንደሚጠይቅ ሰው። እኔም "ገና ነው" እላለሁ።

ሚኒባስ መሄድ ሲጀምር ወደ ፍኖተ ሰላም ተሳፈርኩ። ሦስት ቦታ ወርደን ተፈተሽን። እንደደረስኩ ለወንድሜ ደወልኩ። ስሙን እሱም አያውቀውም፤ አክስቴን አቀረባት። አክስቴ ስትነግረኝ እጄ ላይ ጻፍኩት። ላብ እንዳያጠፋብኝ እየፈራሁ እስከ ቡሬ በአፌ ስደጋግመው መጣሁ። እዚህ አልጽፈውም። ቄሱ በደብተራቸው አሰፈሩት፤ አከራዬ ሲሰሙ ጉልበታቸው ላይ ያለውን ስንዴ መልቀም ትተው እልል ሊሉ ቃጡና፣ ሐዘን ነው ብለው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

መንገዱ አልፎ አልፎ ይከፈታል። ባንዱ ክፍት ሳምንት አዳማ ሄጄ መቃብሯ ላይ ተቀምጬ መጥቻለሁ። ወንድሜ ቅሪ ብሎኝ ነበር። የሥራ ፈቃዴ አሥር ቀን ብቻ ነው አልኩት፤ እውነትም ነው፣ ግን እውነቱ ሁሉ አይደለም። የተመለስኩ ዕለት ማታ መንገዱ ከኋላዬ እንደገና ተዘጋ፤ እኔም እንደ ድሮው በሬን ቀረቀርኩ። ይህ አልተወኝም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ግን ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ፤ አንዷ "ቆየሽብን" አለችኝ። ወደ አዳማ ለመመለስ ድሮ ያስገባሁት የዝውውር ማመልከቻ አሁንም ወረዳው ጽሕፈት ቤት አለ። አላነሳሁትም፤ ምን ደረሰ ብዬም አልጠየቅሁ።