ምንሽሩ የት ይደር?

የባሌ አባት ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ከጎረቤት ወረዳ ከዝቋላ ተነሥተው ሰቆጣ እኛ ቤት ሲገቡ ይዘውት የመጡት ዕቃ ለአንድ አህያ እንኳ የሚሞላ አልነበረም፤ ጋቢ፣ አንድ ጆንያ ማሽላ፣ ዳዊትና ምንሽር ከነዝናሩ። ጋቢው አልጋቸው ላይ ተነጠፈ፣ ማሽላው ጓዳ ገባ፣ ዳዊቱ ራስጌያቸው ተቀመጠ። ምንሽሩን ግን ለማንም ሳይሰጡ ሳሎኑን ዞር ዞር ብለው አዩና «ምስማር አምጪ» አሉኝ። ገና ውሃ እንኳ አልጠጡም።

በእሳቸው አገር የጠመንጃ ቦታው ግድግዳ ነው፤ ያውም እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፍበት ግድግዳ። የእንግዳውን ጠመንጃ እንኳ ባለቤቱ በሁለት እጁ ተቀብሎ ከራሱ ጎን ይሰቅለዋል እንጂ ጥግ አያስቆመውም። እኔም አምደወርቅ ያደግሁ ነኝና ይህን አላጣውም። ችግሩ እኛ ቤት ግድግዳው ሥር ሶፋ አለ፣ ሶፋው ላይ ደግሞ ልጄ አለች።

ልጄ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። ያልከፈተችው ነገር ቢኖር ሰማይ ብቻ ነው። የሬዲዮኑን ሆድ በቢላ ዘርግፋዋለች። ልጅ እንዳይከፍተው ተብሎ የተሠራውን የመድኃኒት ክዳን እኔ ታግዬ ሲያቅተኝ እሷ ነች የከፈተችልኝ። ጎረቤት ቁልፍ ሲጠፋበት እኔን ሳይሆን እሷን ነው የሚጠራው። ይህች ልጅ ሶፋው ላይ ቆማ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ምንሽሩን ስታጠና ሳያት አንሥቼ መሬት አወረድኳት።

«አባባ፣ ይቺ ልጅ ታወርደዋለች» አልኩ።

«ታዲያ ከፍ እናድርገዋ።»

ከፍ አደረግነው። ሰንበት ብላ ሶፋው ላይ ትራስ፣ ትራሱ ላይ በርጩማ ደርድራ አገኘኋት። እንደገና ከፍ አደረግነው። ምስማሩም እየወጣ፣ እሷም እየወጣች ሁለቱም ቆርቆሮው ሥር ደረሱ። በመጨረሻ ምንሽሩን ለማውረድ ለባለቤቱም መሰላል አስፈለጋቸው፤ ያ በጭቃ አሳምሬ ያስመረግሁት ግድግዳም ወንፊት ሆነ።

ባሌ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ቤት ውስጥ ክርክር ሲነሣ የመኪናው ዘይት ይታወሰዋል። «አባቴም ልክ ናቸው፣ አንቺም ልክ ነሽ» ብሎ ቁልፉን አንሥቶ ይወጣል። ልክ ያልሆነው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

ለምን ቁርጥ አድርገሽ «ከቤቴ ይውጣልኝ» አላልሽም የሚሉኝ አሉ። እኔ የምናገረውን የማላጣ ሴት ነኝ፤ ግን ምንሽሩ ከወጣ እሳቸውም ተከትለውት እንደሚወጡ አውቅ ነበር። ዝቋላ የሚጠብቃቸው ባዶ ጎጆ ነው። ደግሞም እወዳቸዋለሁ። ልጄ በሕይወት እንድታድግልኝ፣ እሳቸውም ቤቴ ውስጥ በክብር እንዲያረጁ ነበር የምፈልገው፤ ምንሽሩ ደግሞ በሁለቱ መሀል ተሰቅሏል።

ምክሬ አልሰማ ሲል የነፍስ አባታችን ጋ ሄድኩ። እሳቸውም መጥተው፣ ጠበል ረጭተው፣ ግድግዳውን ቀና ብለው አዩና ፈረዱ። «ጠመንጃና ጥይት በተክሊል አልተጋቡም፤ ቢለያዩ ኃጢአት የለበትም። ጠመንጃው ለብቻው፣ ጥይቱም ለብቻው ይቀመጥ።»

አማቴ የቄስ ቃል አያስደግሙም። በዚያው ቀን ጥይቱን ከዝናሩ አውጥተው ለዩት። የት እንዳስቀመጡት ስጠይቃቸው «የሰው እጅ የማይገባበት ቦታ» አሉኝ። እኔም ሞኟ ደስ ብሎኝ የወፍራም ዶሮ ወጥ ሠራሁላቸው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዱቄት አለቀብኝና ያንን ጆንያ ማሽላ ለወፍጮ ላዘጋጅ ሰፌድ ይዤ ግቢ ተቀመጥኩ። ልጄ አጠገቤ ሆና ጠጠር ትለቅማለች፤ የለቀመችውን በእጄ ታቀብለኛለች፣ እኔ ደግሞ ከጎረቤት ጋር በአጥር ላይ እያወራሁ ሳላይ ወደ ጓሮ እወረውራለሁ። ከወረወርኳቸው አንዱ የአጥሩን ቆርቆሮ ቃ! አደረገው። ጠጠር እንዲህ አይጮህም ብዬ ዞር ስል ልጄ አንዱን በሁለት ጣቷ ይዛ ለፀሐይ ታሳየዋለች።

«እናቴ፣ ይሄኛው ጠጠር ያምራል፤ ይሄን አልሰጥሽም» አለችኝ።

ጥይት ነው። የጮህኩት ጩኸት ለጎረቤቴ ብቻ ሳይሆን ለቀበሌው የሚበቃ ነበር። ከእጇ ቀምቼ፣ እሷን ቤት ቆልፌባት፣ ቀሚሴን ሰብስቤ ጓሮ ውስጥ በእንብርክኬ የወረወርኩትን ጥይት ስለቅም ረፈደ።

«አባባ፣ ጥይት ማሽላ ውስጥ ይቀመጣል?» አልኳቸው፣ ትንፋሼ እየተቆራረጠ።

«አባቶቻችን የሚያስቀምጡት እዚያ ነው።»

«ማሽላው እኮ ሊፈጭ ነበር!»

ይህን ጊዜ ከተቀመጡበት ተነሡ። እኔ በጥይቱ የደነገጥኩትን ያህል እሳቸው በማሽላው ደነገጡ። «ዘር? ዘር ልታስፈጪ? ልጄ፣ በጤናሽ ነው? ሰው ተርቦ ሣር ሲበላ እንኳ ዘሩን አይነካም እኮ!»

እኔ ደመወዝተኛ አስተማሪ፣ ማሽላ ሁሉ ማሽላ የሚመስለኝ። እሳቸው ደግሞ በዘር ጆንያ እጁን የሚሰድ ሰው በምድር ላይ አለ ብለው አያስቡም፤ ከባንክ ይልቅ የሚያምኑት እሱን ነው። ቁጣዬን ያበረደው ግን ሌላ ነገር ነበር። ሰው ዘር ይዞ የሚመጣው ተመልሶ ሊዘራ ሲያስብ ነው። ለካ አንድ እግራቸው ዝቋላ ነው፤ እኔ አንድ ክፉ ቃል ብናገር ሌላውንም ያነሡት ነበር። አፌን ያዝኩና የሚቆለፍ ሳጥን ፍለጋ ገበያ ወጣሁ።

መጀመሪያ በርካሹ ሞከርኩ። የገዛሁት የእንጨት ሳጥን መልኩ ያምራል፣ ማጠፊያው ግን ብሎኑ በውጭ በኩል ነው። ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ልጄ በማንኪያ እጀታ ብሎኑን ፈትታ ክዳኑን ከኋላ ከፈተችው። ደግነቱ ለሙከራ ያስገባሁበት ብስኩት ነበር። ከዚያ ባለ አበባ የቆርቆሮ ሳጥን ገዛሁ፤ ጎረቤቴ «እኔም እኮ ይኸው አለኝ» ብላ ቁልፏን ብታመጣ የእኔን ሳጥን ከራሴ ቁልፍ ይልቅ በለሰለሰ ሁኔታ ከፈተው። ለካ ነጋዴው ለሰቆጣ ሁሉ አንድ ዓይነት ቁልፍ ነው ያከፋፈለው።

ተስፋ ቆርጬ ብረት በያጁ ጋ ሄድኩ። የምፈልገውን በእጄ እየለካሁ አስረዳሁት፤ ረዘም ያለ፣ ጠበብ ያለ፣ ላሜራው ወፈር ያለ፣ ማጠፊያው በውስጥ የሆነ፣ ከቤቱ ምሰሶ ጋር በብሎን የሚታሰር። ለጥይቱ ደግሞ የራሱ ቁልፍ ያለው ትንሽ ሳጥን ለብቻ። ሰውየው የመጀመሪያዋን ሰምቶ የኋላዋን አልሰማም። ኮፍያውን አወለቀና በሐዘን ድምፅ «ቁመታቸው ምን ያህል ነበር?» አለኝ።

ጠመንጃ መሆኑን ስነግረው ሳቀና ከቁርጥራጭ ላሜራ በርከስ አድርጎ ሠራልኝ። ሁለት ተሸካሚዎች ትከሻቸው ላይ አድርገውት በገበያው መሀል ስናልፍ ግን እሱን ያሳቀው ነገር ሌላውን አላሳቀም። ወንዶቹ ከመቀመጫቸው ተነሡ። አንዲት የማላውቃት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ አንገቷን ደፍታ እስከ ደጄ ተከተለችን። በሩን የከፈቱልን አማቴ ነበሩ። ሴትዮዋ እሳቸውን በእግራቸው ቆመው ስታይ አማትባ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተመለሰች።

እሳቸውም ሳጥኑን በመዳፋቸው ዳበሱት። «አሁን ይህ እስር ቤት ነው» አሉ። «ምን አጠፋ ይታሰራል?»

«አልታሰረም፣ ቤት ተሠራለት» አልኳቸው።

«ቤት ከውጭ አይቆለፍም።»

ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ የተስማማነው ሁለቱም ቁልፎች በእሳቸው ማተብ ላይ ታስረው አንገታቸው ላይ እንዲውሉ ነው። ቁልፉ ከአንገታቸው ካልወረደ ልጄ ከየት ታገኘዋለች? ከዚያ ወዲያ አማቴ በየቀኑ በርጩማ ይዘው ሳጥኑ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ እኔም «አባባ እስረኛ ሊጠይቁ ነው» እያልኩ እቀልዳለሁ። እንቅልፍ የሚባል ነገር ተመለሰልኝ።

አንድ ቀን ትምህርት ቤት ስብሰባ ተሰርዞ እኩለ ቀን ላይ ቤት ገባሁ። ከበሩ ሳልዘልቅ የልጄን ድምፅ ሰማሁ።

«አያቴ፣ ዝቅ በልልኝ። አንገትህን አምጣው። ኧረ ትንሽ!»

ገባሁ። አማቴ ተንበርክከው ግንባራቸውን ብረቱ ላይ አስደግፈዋል፤ ማተባቸው አጭር ስለሆነ ቁልፉ ቀዳዳው ጋ የሚደርሰው እሳቸውም አብረው ሲደርሱ ነው። ከሩቅ ለሚያይ ከሳጥኑ ጋር ምስጢር የሚያወሩ ይመስላሉ። ልጄ ደግሞ በአንድ እጇ ጆሯቸውን ይዛ በሌላው ቁልፉን ታዞራለች። ሁለተኛውን ቁልፍ፣ የጥይቱን፣ ተራው እስኪደርስ በጥርሷ ነክሳዋለች።

አፈፍ አድርጌ አነሣኋት። ቁልፉን ሳትለቅ ቀርታ ሽማግሌውንም አብሬ ልጎትት ነበር።

«እኔ እኮ የአያቴ ከፋች ነኝ!» አለች፣ በኩራት።

አማቴ ቀስ ብለው ተነሡ። «ምን ያስጮህሻል? ዝገት እንዳይዘው በየቀኑ እንወለውለዋለን። እሷ ትከፍትልኛለች፣ እኔ አወጣለሁ። ጠመንጃውን እንዳትነካ አስምያታለሁ።»

«በየቀኑ? ራስዎ ለምን አይከፍቱትም?»

«ቀዳዳው ጠባብ ነው» አሉ።

ቀዳዳው ጠባብ አልነበረም። ያን ጊዜ ነው ሁሉም አንድ ላይ የመጣልኝ፤ ዳዊቱን ሲደግሙ ገጹን የሚገልጡት ለወጉ መሆኑ፣ ሳጥኑ ሲመጣ በዓይናቸው ሳይሆን በመዳፋቸው ማየታቸው። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ላሜራ ውፍረት ስጨነቅ የሰውየውን ዓይን አላየሁም። ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። ልጄን ለጎረቤት ሰጥቼ ተመለስኩና አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ አይታይዎትም አይደል?»

መጀመሪያ የመለሱልኝ በእናታቸው ቋንቋ በኽምጣንጋ ነው፤ የሚቆጡትም የሚያዝኑትም በዚያው ነውና የቱ እንደሆነ አልገባኝም። ከዚያ በአማርኛ «ብታውቁ ትቀሙኛላችሁ ብዬ ነው» አሉ። «ዓይንም ምንሽርም የሌለው ሰው ከጆንያ በምን ይለያል?»

«አልቀማዎትም። ግን አንድ ቀን እርስዎ ሳይኖሩ ልትከፍተው ትሞክራለች።»

«ቁልፉ እኮ አንገቴ ላይ ነው። የጥይቱንም አንድ ቀን እንኳ አላስከፈትኳትም።»

«አሁን በጥርሷ ይዛው ነበር።»

ፊታቸው ከሰል መሰለ። «አላየኋትም» አሉ። ደግመውም፣ ለራሳቸው ይመስል፣ «አላየኋትም» አሉ።

እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ። ቋጠሮውን ሊፈቱ ቢታገሉ እምቢ አላቸው፤ ጎንበስ ብዬ ማተቡን ሳልነካ ቁልፎቹን ፈታሁላቸው። «ለልጅዎ ልስጥልዎት?» አልኩ።

«ለእሱማ አይሆንም። ሁላችሁም ልክ ናችሁ ብሎ ለልጅቷ ይሰጣታል። አንቺ ያዢው፤ አንቺ ቁጡ ነሽ።»

ከተዳርኩ ጀምሮ ስለ ጠባዬ የተነገረኝ ብቸኛው ምስጋና እሱ ነው። በዚያው ሰሞን ባሌ ሐኪም ቤት ወሰዳቸው፤ አንዱ ዓይን ሞራ ነው፣ ይገፈፋል ተብለን ተራ እንጠብቃለን።

በቀጣዩ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሳጥኑን ከፈትኩላቸው። ገና እጄን ሳልዘረጋ «ልጅቷ የት ናት?» አሉ። ጎረቤት ናት አልኳቸው። ምንሽሩን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው፣ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። መጀመሪያ ጣታቸውን ሰድደው ጥይት እንዳልጎረሰ አረጋገጡ። ከዚያ እየዳበሱ አንድ በአንድ ፈታትተው፣ በጨርቅ ወልውለው፣ ዘይት ቀብተው ገጠሙት፤ እኔ በሁለት ዓይኔ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ከምወስደው ጊዜ ያጠረ ነበር። ጨርሰው መልሰው ዘረጉልኝ።

አስገብቼ ቆለፍኩ።

«ቆለፍሽው?»

«ቆልፌያለሁ።»

«ሳቢው እስኪ፣ ልስማ።»

በኃይል ሳብኩት። ብረቱ አልተነቃነቀም። ሁለተኛውንም አስሳቡኝና ጆሯቸውን ሰጡት።

«እንግዲያው ልጄን ጥሪያት» አሉ።